ከኮርቻ ላይ የጠፋው ራዳር

ራዳሩ ከሞተር ብስክሌቱ ኮርቻ ላይ ሲነሣ ድልድዩ በሰው ተጨናንቆ ነበር፤ አንድም ዐይን ግን ኮርቻው ላይ አልነበረም። የሰው ሁሉ ዐይን እንቁላሉ ላይ ነበር። አንድ ባለሞተር የእንቁላል ሣጥን ከኋላው እንደ ፎቅ ደራርቦ ሲከንፍ መጥቶ ድልድዩ አፍ ላይ ተንሸራተተና እሱ በአንድ በኩል፣ ሣጥኑ በሌላ በኩል ተዘረገፉ። እዚያው ቆሞ የመኪና ፍጥነት ሲለካ የነበረው ወጣት ትራፊክ ፖሊስ መሣሪያውን ኮርቻው ላይ ጣል አድርጎ ልጁን ሊያነሣ ሮጠ። ልጁን ደግፎ፣ አቧራውን አራግፎለት ሲመለስ ኮርቻው ባዶ ነው።

ኢንስፔክተሯ ሲደርሱ አስፋልቱ ገና ቢጫ ነበር።

"ልጁስ? ተረፈ?" አሉ ከመኪናው ሳይወርዱ።

"ደህና ነው እትዬ። ጉልበቱ ትንሽ ተላጠ" አለ ረዳታቸው ሳጅኑ። "እንቁላሎቹን ግን ነፍስ ይማር።"

"ቀልድህን ተወውና ሹራብህን ልበስ። ነፋስ ነው።"

እኚህ ሴት እንዲህ ናቸው። ለጡረታ ጥቂት የቀራቸው፣ የልጅ ልጅ ያዩ፣ ጣቢያው ውስጥ ከኋላቸው "ጭንቄ" የሚባሉ። ሌባ ሲይዙ እንኳ ካቴናው እንዳያጠብቅበት ጣታቸውን አስገብተው ይሞክራሉ። ከድልድዩ ከፍ ብሎ፣ ቁልቁለቱ ወገብ ላይ፣ የልጅ ልጃቸው የምትማርበት ትምህርት ቤት አለ። መኪናው ሁሉ እንደ ናዳ የሚወርደው ልጆቹ በሚሻገሩበት ላይ ነው። ስለዚህ ኢንስፔክተሯ በትምህርት መግቢያና መውጫ ሰዓት ሥራ ላይ ቢሆኑም ልባቸው ዜብራው ላይ ነው። ስልኩን አንሥተው ልጃቸውን "ተሻገረች?" ካላሉ እህል አይወርድላቸውም።

ወጣቱ ትራፊክ ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል። ሹፌሮች "ፎቶ ቤት" ነው የሚሉት። መኪና በፍጥነት ሲመጣ በራዳሩ ያያል፣ ያስቆማል፣ ይቀጣል፤ ለእነሱ ያው ፎቶ እንደማንሣት ነው።

"መሣሪያውን ለማያውቅ ሰው እንደምትነግር አድርገህ ንገረኝ እስቲ" አሉት።

"ጥቁር ነው፣ ኢንስፔክተር። እጀታው እንደ ሽጉጥ ይጨበጣል። አፉ ሰፋ ያለ፣ ክብ። ክብደቱ ያን ያህል አይደለም። ክፍሉ ያለው እሱ አንዱ ብቻ ነው።"

"አጠገብህ ማን ነበር?"

"ማን ያልነበረ አለ? የአሮጌ ዕቃ ገዢው ጋሪውን ይዞ ቆሞ ነበር። የፀጉር ቤቷ ሴትዮ ከላውንደሪ ያመጣችውን ፎጣ ተሸክማ እያለፈች ነበር፤ እንዲያውም የባለሞተሩን ጉልበት በፎጣዋ የጠረገችለት እሷ ናት። የቀረው አላፊ አግዳሚ ነው።"

"የዛተብህስ ሰው አለ?"

ወጣቱ እንደ ማቅማማት አለ። "ሮኬት አለ። የሚኒባስ ሹፌሩ። ባለፈው ስቀጣው 'ያቺን ማሽንህን አንድ ቀን ከነባለቤቷ ወንዝ እከታታለሁ' ብሎኛል።"

"ባለቤቷ ማን ነው?"

"እኔ ነኛ።"

*

ኮማንደሩ ቢሮው ውስጥ ከወዲያ ወዲህ ይላል። ድሮ ምልምል ሆኖ ሲመጣ የጫማ ማሰሪያውን ያሠሩለት እኚሁ ሴት ስለነበሩ፣ ማዕረጉ ቢበልጥም ድምፁን ሊያነሣባቸው አይደፍርም።

"በመጀመሪያ ነገሩ ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ" አለ። "ራዳር እንደሌለን ሹፌር ከሰማ መንገዱ የእሽቅድምድም ሜዳ ነው የሚሆነው። ሁለተኛ፣ እኔ ሌባ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ልጁ ራሱ ሸጦት ይሆናል።"

"እንቁላሉንም እሱ ነው ያፈሰሰው?"

"አጋጣሚውን ተጠቅሞ ይሆናላ። ገንዘብ የሚያስፈልገው ሰው ነው።"

"ገንዘብ የማያስፈልገው ሰው ካለ አሳየኝ። ሚስቱ እኮ ወሯ ገብቷል፣ ልጄ! ዛሬ ነገ ልትወልድ ነው።"

"ታዲያ ለዚያ እኮ ነው።"

ኮማንደሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከላይ የሚጠይቀው ስላለ ይሸበራል። እስከ ሳምንት ዓርብ ራዳሩ ካልተገኘ ወጣቱ ከሥራ ታግዶ ክስ እንደሚመሠረትበት ነገራቸው።

ሲወጡ ልጁ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ያሽከረክራል።

"ለሚስትህ ነግረሃታል?"

"አልነገርኳትም። ደንግጣ አንድ ነገር ብትሆንስ?"

"ደግ አድርገሃል። እንዳትነግራት። እኔ እደነግጥላታለሁ።" ሊሄዱ አሉና ዞር ብለው፣ "ምሳ በልተሃል?"

*

መጀመሪያ የሄዱት አሮጌ ዕቃ ገዢው ዘንድ ነበር። እንቁላሉ በተሰበረ ጊዜ አንድ ጥቁር ነገር ኮቱ ሥር ሲያስገባ ያየው ሰው አለ። ሰውየው ግቢው ውስጥ፣ በተቆለሉ ድስቶችና ጎማዎች መካከል፣ ዘውድ እንደጫነ ሰው በርሜል ላይ ተቀምጧል።

"እኔን? እኔን ነው ሌባ የምትሉት? ሠላሳ ዓመት እዚህ ሰፈር..."

"ማንም ሌባ አላለህም" አሉት። "ከኮትህ ሥር ያስገባኸውን አሳየኝ ነው ያልኩህ።"

"ምንም አላስገባሁም።"

"የእናትህ አምላክ ይየው?"

ሰውየው አንገቱን አከከ። ሰማይ አየ። ከዚያ ተነሥቶ ከበርሜሉ ውስጥ እጁን ሰደደና በጥቁር ፕላስቲክ የተለበጠ የሞተር ብስክሌት ስፖኪዮ አወጣ።

"ከመንገድ ላይ ነው ያነሣሁት" አለ እያጉረመረመ። "ባለቤት የሌለው መስሎኝ..."

"ባለቤቱ እኮ እዚያው አጠገቡ ተዘርግቶ እያቃሰተ ነበር!" አለ ሳጅኑ።

"ስለሚያቃስት ነዋ፣ መስታወት ምን ያደርግለታል ብዬ።"

ኢንስፔክተሯ ስፖኪዮውን ተቀብለው ሲወጡ ሳቃቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም፤ አንድ ጭላንጭል ጠፋ ማለት ነበርና።

*

ፀጉር ቤቱ ከትምህርት ቤቱ በር ትይዩ፣ ከዜብራው በላይ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳው ላይ ነጫጭ ፎጣ ተሰጥቶ እንደ ሸራ ይነፋል። ኢንስፔክተሯ ደረጃውን ጉልበታቸውን እየያዙ ወጡ።

ባለቤቷ ፈጣን እጅ ያላት፣ ጠቆር ያለች፣ ዐይኗ ሥር ድካም የተኛባት ሴት ናት። አንዲት ደንበኛ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጣ እንቅልፍ ይዟታል። በጥጉ በኩል ደግሞ አንዲት ልጅ አንድ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ ሥዕል ትሥላለች። አጠገቧ ክራንች ተደግፏል።

"እግሯን ምን ሆነች?"

"መኪና" አለች ሴትዮዋ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

"ልጅሽ ናት?"

"ልጄ ናት። አሁን ተሽሏታል፤ ትምህርትም ጀምራለች። እሷስ ትድናለች፣ እኔ ነኝ ያልዳንኩት። የፍሬን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መቀሱ ከእጄ ይወድቃል።"

"የኔም የልጅ ልጅ እዚሁ ናት" አሉ ኢንስፔክተሯ። ሁለቱም ሳያስቡት በመስኮቱ ወደ ዜብራው ተመለከቱ።

"ታዲያ እናንተ ለምን ድልድዩ ላይ ትቆማላችሁ?" አለች ሴትዮዋ ድንገት። "እዚያ ማን ይሻገራል? ዓሣ? ጣቢያው ድረስ ተመላልሼ ለመንኩ። 'ድልድዩ ላይ ነው ብዙ የሚያዘው' አሉኝ። ልጆቹ እዚህ፣ ፖሊሱ እዚያ!"

"ቦታውን የሚመድበው ሌላ ክፍል ነው" አሉ ኢንስፔክተሯ፤ ሲሉትም ራሳቸውን ታዘቡ። ቶሎ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። "እንቁላሉ የፈሰሰ ዕለት ከትራፊኩ ሞተር ላይ አንድ ዕቃ ጠፍቷል። ያየሽው ሰው አለ?"

"እኔ የማየው ደሙን ነበር፣ እማማ። ማንንም አላየሁም።"

ደንበኛዋ ነቃች። አዲሷ ተለማማጅ ፀጉሯን በፎን ልታደርቅላት ተነሣችና እጇን ወደ ግድግዳው ሰደደች። ግድግዳው ላይ ጥቋቁር ፎኖች በየምስማሩ ተሰቅለዋል፤ የአንዱ ገመድ ተጠቅልሏል፣ የሌላው ወለል ድረስ ተንጠልጥሏል፣ ከጥግ ያለው ጭራሹን ገመድ የለውም።

"እሱን አይደለም!" ባለቤቷ ድምፅዋ ከፍ አለ። "የጥጉ ተበላሽቷል አላልኩሽም? መሃለኛውን።"

ተለማማጇ ደንግጣ መሃለኛውን አወረደች። ኢንስፔክተሯ ለልጅቷ አዘኑላት። የሥራ ቦታ ጩኸት ድሮም አይወዱም። "ቀስ ብለሽ ንገሪያት፣ የኔ ልጅ፤ ገና ልጅ እኮ ናት" ብለው ደረጃውን ወረዱ።

*

ሮኬትን ያገኙት ሚኒባሶች ተራ በሚጠብቁበት ቦታ ነው። የመኪናው የኋላ መስታወት ላይ "ብትቀድመኝም እዚያው ነን" የሚል ተለጥፏል። እሱ ግን ማንም ቀድሞት አያውቅም። ኢንስፔክተሯን ከነደንብ ልብሳቸው ሲያይ እግሩን ከመሪው ላይ አወረደ።

"ምነው እናቴ፣ ዛሬ ደግሞ በእግር ነው የምታሳድዱን?"

"ባለፈው ረቡዕ ጠዋት የት ነበርክ?"

"ሥራ ላይ።"

"የት ሥራ ላይ?"

"መኪና የሚሄድበት ሁሉ።" ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ወደ ጎን አየ። "እኔን ትተው የራስዎን ሰዎች ቢመክሩ ይሻላል። ድሮ ከዛፍ ጀርባ ነበር የሚደበቁት፤ እሺ፣ ለመድነው። አሁን ደግሞ የሴት ፎጣ ውስጥ ገቡ! ምን ቀራቸው? ቀሚስ?"

በዙሪያው ያሉት ሹፌሮችና ረዳቶች በሳቅ ፈነዱ። ኢንስፔክተሯ ስድቡ ለሴት ፖሊሶች መሰላቸው። ፊታቸው ቀላ።

"ቀሚስ ለብሼ ነው ካንተ የባሱትን ሳስር የኖርኩት፣ ጎረምሳው! ረቡዕ ጠዋት የት ነበርክ?"

ሮኬት ጭጭ። ምንም ቢሉት አልናገር አለ። ዝምታው ሳጅኑን አስደሰተው፣ ኢንስፔክተሯን ግን አላስተኛቸውም። በማግስቱ ሳጅኑ በየአጎራባቹ ጣቢያ ሲደውል ውሎ ከሰዓት በኋላ እየሳቀ መጣ።

"እትዬ፣ ሮኬት ነፃ ነው። እንቁላሉ በፈሰሰበት ሰዓት ሌላ ከተማ ነበር።"

"ማን ይመሰክርለታል?"

"የእነሱ ራዳር! ሲበር ይዘውታል። ፎቶው ውስጥ አፉን ከፍቶ እየዘፈነ ነው።"

ሮኬትን ጠርተው ሲያሳዩት እንደ ሕፃን አንገቱን ደፋ። "እማማ፣ በሞቴ ለባለንብረቱ እንዳይነግሩብኝ። ሌላ ቅጣት ከሰማ ቁልፉን ይቀማኛል። ሌባ ከምባል ይልቅ ፈጣን መባሉን ነው የፈራሁት።"

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ። ግን ስሰማው እየነዳሁ ነበር።"

*

ሐሙስ ሆነ። ነገ ዓርብ ነው። የተጠረጠረው ሁሉ አንድ በአንድ ነፃ ሲወጣ፣ የቀረው ያ ቆቡን የሚያሽከረክር ልጅ ብቻ ነበር። ኮማንደሩ የእገዳውን ደብዳቤ አስጽፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል። ኢንስፔክተሯ ልባቸው አልችል ቢላቸው፣ የልጅ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ራሳቸው ሊያመጡ ወጡ። ልጅ እጁን ሲሰጥ የሰው ጭንቀት ይቀላልና።

ቁልቁለቱ አናት ላይ ሚኒባስ ሲጠብቁ ሮኬት አያቸውና ቆመ።

"ይግቡ እናቴ፣ ከፊት! ሂሳብ የለም። ምስጢሬን ጠብቀውልኛል።"

ገቡ። ቀበቶ አሰሩ። እሱንም አሳሰሩት። መኪናው ቁልቁለቱን ተያያዘው፤ እሳቸውም የበሩን እጀታ ጨብጠው በልባቸው ጸሎት ጀመሩ። ገና ጥቂት እንደወረዱ ከታች የሚመጣ የጭነት መኪና የፊት መብራቱን ብልጭ ድርግም አደረገ። ሮኬት ወዲያው ፍሬን ያዘ። ቀጥሎ የመጣውም ብልጭ አደረገ። ሮኬት በተራው ከኋላው ላለው የማስጠንቀቂያ መብራት አበራለት። ሲከንፍ የነበረው ሁሉ ሙሽራ እንዳጀበ መኪና ቀስ አለ።

ይህን ቋንቋ ኢንስፔክተሯ ያውቁታል። በሹፌር ዓለም መብራት ብልጭ ካለ "ከፊት ፎቶ አለ፣ ወንድሜ ቀስ በል" ማለት ነው። በተራ የተደባደቡ ሹፌሮች እንኳ ይህችን ብልጭታ አይነፋፈጉም። ሰላምታ ቢከለከል መብራት አይከለከልም።

"ምን አለ?" አሉ።

"ፎቶ አለ እንጂ።"

"የት?"

"እዚያው ነዋ፣ ትምህርት ቤቱ ጋ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ልጆች ሲገቡና ሲወጡ ሁሌ አለ።"

ኢንስፔክተሯ እጃቸው ከእጀታው ላይ ወረደ። ክፍሉ ያለው ራዳር አንድ ብቻ ነው። እሱም ጠፍቷል። ትራፊኩ ደግሞ ጣቢያ ቁጭ ብሎ ቆቡን ያሽከረክራል።

"የማን ፎቶ?" አሉ ቀስ ብለው።

"የእናንተ ነዋ፣ እናቴ! ምን ነካዎት? ነግሬዎት አልነበር? ያውልዎት፣ ፎጣው መሃል።"

ቀና አሉ። ከዜብራው በላይ፣ በረንዳው ላይ፣ ነጫጭ ፎጣ ይውለበለባል። በሁለቱ ፎጣ መካከል አንድ ክብ ጥቁር አፍ ቁልቁለቱን አነጣጥሮ ያያል። ከበታቹ ልጆች በመስመር፣ እየተሳሳቁ፣ ሳይሮጡ፣ በቆሙ መኪኖች ፊት ይሻገራሉ። የልጅ ልጃቸው ከመሃላቸው ነበረች። ቦርሳዋ ከእሷ ይበልጣል።

ያን ጊዜ የጥጉ ፎን ትዝ አላቸው። ገመድ የሌለው።

*

የልጅ ልጃቸውን ተቀብለው ደረጃውን ወጥተው ሲደርሱ በረንዳው ባዶ ነበር። ባለቤቷ መቀስ ይዛ ደንበኛ እንደምትጠብቅ ሰው ቆማለች። ልጅቷን ክራንች ካላት ልጅ አጠገብ አስቀመጧት፤ ሁለቱ ወዲያው አንድ ወረቀት ላይ መሣል ጀመሩ። ኢንስፔክተሯ ቆባቸውን አውልቀው መስታወቱ ፊት ተቀመጡ።

"ፀጉሬን ፎን አድርጊኝ እስቲ።"

"እሺ፣ እማማ።" ሴትዮዋ እጇን ወደ መሃለኛው ሰደደች።

"በዚያ አይደለም። በጥጉ።"

እጇ አየር ላይ ቀረ። ተለማማጇ መጥረጊያዋን አቅፋ ቆመች።

"እሱ... ተበላሽቷል።"

"ገመዱስ?"

ከታች የልጆቹ ሳቅ ይሰማል። ሴትዮዋ በመስታወቱ ውስጥ የኢንስፔክተሯን ዐይን አየችና ወንበር ፈልጋ ቁጭ አለች።

"መጀመሪያ በእውነተኛው ፎን ነበር የሞከርኩት" አለች። "ከሩቅ ይመሳሰላሉ ብዬ። አንድ ቀን ሠራ። በማግስቱ ገመዱ ተንጠልጥሎ ታየና ሹፌሮቹ መስኮት እየከፈቱ 'እትዬ፣ ለእኔም አድርቂልኝ!' ይሉኝ ጀመር። ከዚያ ያን ዕለት ድልድዩ ላይ... ኮርቻው ላይ ተጋድሞ ሳየው... ፎጣ በእጄ ነው። ሳላስበው ሸፍኜው ሄድኩ። ቤት ደርሼ ነው ያደረግኩት የገባኝ።"

"ተለማማጇ ታውቃለች?"

"ታውቃለች።"

"ፀጉር ቤት ውስጥ ምስጢር ሲጠበቅ ይህ የመጀመሪያው መሆን አለበት" አሉ ኢንስፔክተሯ። ግን አልሳቁም። "የኔ ልጅ፣ በዚህ ዕቃ ምክንያት ማን ሊከሰስ እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"የሚከሰስ አለ እንዴ?"

"ያ ባለሞተሩን ያነሣው ወጣት። ሸጦታል ተብሎ ነገ ሊከሰስ ነው። ሚስቱ ዛሬ ነገ ትወልዳለች።"

ሴትዮዋ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። "እኔ... እኔ መንግሥት ነው፣ ሌላ ያመጣል ብዬ! በሰው ላይ ይመጣል ብዬ መቼ አሰብኩ? ያ ልጅ እኮ የባለሞተሩን ጉልበት ይዞልኝ ነበር፣ አብረን ነው ቁስሉን ያሰርነው!" ተነሥታ መሣሪያውን ከምስማሩ አወረደችው፤ ጨቅላ እንደሚያቅፍ ሰው በንጹሕ ፎጣ ጠቀለለችው። "እሰሩኝ። ልጄን ግን ማን ያሻግርልኛል?"

ኢንስፔክተሯ ያችን ጥያቄ ሰውነታቸው ያውቃታል። በቀን ስንቴ ነው ስልክ አንሥተው እሳቸው ራሳቸው የሚጠይቁት? ተነሥተው ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከሉላት።

"እኔ ይዤሽ አልሄድም" አሉ። "ራስሽ ተሸክመሽ ትሄጃለሽ፣ ራስሽ ትናገሪያለሽ። እኔ አጠገብሽ እሆናለሁ። ልጆቹን ሳጅኑ መጥቶ ይጠብቃቸዋል። ቀልድ ያውቃል።"

*

ኮማንደሩ ፎጣውን ሲፈታ አፉን ከፍቶ ቀረ። ወጣቱ ትራፊክ ተጠርቶ መጣ። ሴትዮዋ ሁሉንም ተናግራ ስትጨርስ ወደ እሱ ዞራ "ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ" አለች። እሱ ግን መልሱን ትቶ መሣሪያውን አነሣና ቁልፉን ተጫነ። ምንም። ደግሞ ተጫነ።

"ባትሪው ሞቷል" አለ። "መቼ ነው መብራቱ የጠፋው?"

"አልበራም እኮ" አለች ሴትዮዋ። "አንድም ቀን አልበራም። በየት እንደሚበራ መች አውቄ?"

ሳምንቱን ሙሉ ያ ሁሉ መኪና ለሞተ ማሽን ነው ቀስ ያለው።

ኮማንደሩ አላመነም። በማግስቱ ዓርብ፣ ልጆች በሚወጡበት ሰዓት፣ ኢንስፔክተሯ እጁን ይዘው በረንዳው ላይ አወጡት፤ በፎጣው መካከል የሞተውን ራዳር አስያዙት። ከላይ መብራት ብልጭ አለ፣ ከታችም መለሰ። ቁልቁለቱ ቀስ አለ። ልጆች ተሻገሩ። ኮማንደሩ ፎጣ ፊቱ ላይ እየተለጠፈበት ብዙ ቆየ።

"ግን እዚህ ማንንም አንይዝም እኮ" አለ በመጨረሻ። "ሁሉም አስቀድሞ ይነጋገራል። ድልድዩ ላይ ቢያንስ እንይዛለን። እዚህ ቆመን ምንድን ነው የምንይዘው?"

"ምንም" አሉ ኢንስፔክተሯ። "ምንም እንዳንይዝ ነው የምንቆመው። ቁልቁል ተመልከት እስቲ፣ ልጄ።"

ተመለከተ። ክራንች ያላት ልጅ መሃል መንገድ ላይ ቆማ የጫማዋን ማሰሪያ እያሠረች ነበር። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ክላክስ ሳያደርግ ይጠብቃታል።

የእገዳው ደብዳቤ በዚያው ቀን ተቀደደ። ሴትዮዋ ቃሏን ሰጥታ፣ ከበላይ በመጣ ውሳኔ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ታለፈች። ኮማንደሩ ግን "ያለ ቅጣትማ አትሄድም" ብሎ አንፀባራቂ ሰደርያ አስመጣና አስለበሳት፤ በልጆች መግቢያና መውጫ ሰዓት ከትራፊኩ ጋር ዜብራው ላይ እንድትቆም። ሰደርያው ሰፍቷት ነበር። ራሷ አጠበበችው።

*

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲከፈት ኢንስፔክተሯ ጡረታ ወጥተው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጃቸውን ሊያመጡ በሮኬት ሚኒባስ ወረዱ። ከታች የሚመጣው መኪና መብራቱን ብልጭ አደረገ። ሮኬት ፍሬን ያዘ፤ ለሚቀጥለውም መብራት ሰጠ።

ኢንስፔክተሯ በረንዳውን ቀና ብለው አዩ። ፎጣ ብቻ ነው። ዜብራው ላይ ሰደርያ የለበሰችው ሴት ብቻዋን ቆማለች። ወጣቱ ትራፊክ ትንሿን ልጁን ሊያስከትብ ፈቃድ ወጥቷል፤ ራዳሩም ጥገና ገብቷል። ይህን ሹፌሩ ሁሉ ያውቃል። ሮኬት ራሱ አይደለም እንዴ ጠዋት የነገራቸው!

"አንተ ልጅ፣ ፎቶ የለ፣ ምንድን ነው ይህ ሁሉ መብራት?"

ሮኬት መሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ እንደ ቂል እንዳያዩት የፈራ ይመስል፣ ወደ ውጭ እያየ መለሰ።

"ልጆች አሉ፣ እናቴ።"

ኢንስፔክተሯ ስልካቸውን ከቦርሳቸው አወጡ። "ተሻገረች?" ሊሉ ልጃቸው ዘንድ ሊደውሉ ነበር። ትንሽ አሰቡ። መልሰው ከተቱት።